በረዶ በሠራ ሐይቅ ላይ ዓሣ የማጥመድ ውድድር፦ ከዋዜማው እስከ ሚዛኑ

ሐዋሳ ዳር ላደገ ሰው ዓሣ ማጥመድ ማለት መቀመጥ ነው። ክሩን ጥሎ፣ ዝም ብሎ፣ ውሃውን እያዩ መጠበቅ። ስዊድን ውስጥ በረዶ ላይ የሚደረገው ውድድር ግን ተቃራኒው ነው፤ የተቀመጠ ይሸነፋል። ይህ እስኪገባኝ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። እናንተ ላይ ያን ያህል እንዳይፈጅ ነው የምጽፈው።

ክረምት ስል የሐምሌን ዝናብ አይደለም። ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን፣ ሐይቁ ረግቶ ሰው በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ እንስማማ። አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ሐይቁ ላይ የሚረጋውንም በረዶ ነው የሚለው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዳይምታታ፣ ከሰማይ የሚወርደውን ነጩን አመዳይ እለዋለሁ። በረዶ ያልኩት ሁሉ የምንቆምበት ነው።

ውድድሩ ምን ይመስላል?

ስዊድኖች ይህን አጠማመድ «ፒምፔል» ይሉታል። በረዶውን በስቶ፣ ክንድ በማታህል ዘንግ፣ ቀጥ ወደ ታች ማጥመድ ነው። ውድድሩ ላይ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም ሐይቁ ላይ ይበተናል፣ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ያጠምዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ያስመዝናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ጠቅላላ ክብደት ነው። ስለዚህ አንድ ግዙፍ ዓሣ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያሸንፍም፤ ትንንሽ ሆኖ ብዙ ነው የሚያሸንፈው።

የሚፈለገው ዓሣ አቦሬ ይባላል። አረንጓዴ ጎኑ ላይ ቁልቁል የወረዱ ጥቁር ሽንትሮች አሉት፣ የሆዱ ክንፎች ቀይ ናቸው፣ ጀርባው እሾህ ነው። በቆሮሶ ዓይን ካያችሁት ትንሽ ዓሣ ነው። በውድድር ቀን የምትይዟቸው ብዙዎቹ 100 ግራም አይሞሉም። አትናቋቸው፤ ሚዛኑን የሚሞሉት እነሱ ናቸው።

«ስፖርትፊስካርና» የሚባለው የአጥማጆች ማኅበር የአገር አቀፍ ሻምፒዮና ያዘጋጃል። ለጀማሪ ግን የሚሻለው የሰፈር ክለብ የሚያዘጋጀው ትንሹ ውድድር ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ የልጆች የክረምት ዕረፍት ሲሆን ብዙ ቦታ ይካሄዳል። እንደ ሜላረን ባሉት አምስት ትልልቅ ሐይቆች በእጅ ዘንግ ማጥመድ ለማንም ነጻ ነው። ሌላው ሐይቅ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማጥመጃ ካርድ መግዛት ያስፈልጋል። ለልምምድ ስትወጡ ይህን አትርሱ።

በረዶውን ሳታምኑ መርምሩት

ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

ለእግረኛ የሚመከረው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ በረዶ ነው። ጠንካራው ጥርት ብሎ ጥቁር የሚመስለው ነው፤ ሲያዩት ከሥሩ ያለው ውሃ ይታያል። ነጩ፣ አመዳይ ውሃ ጠጥቶ የረጋው፣ ጥንካሬው የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ብዙ አመዳይ የተከመረበት ቦታ ደግሞ እንዳያታልላችሁ። አመዳይ እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ብርዱ ወደ ታች እንዳይደርስ ይከለክላል። ከሥሩ ያለው በረዶ ሳይወፍር ይቀራል።

አንድ ሐይቅ ሁሉም ቦታ እኩል አይረጋም። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ድልድይ ሥር፣ ውሃው በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፍበት፣ ሸምበቆ ዳር፣ የጀልባ ማቆሚያ ዙሪያ፣ የመሬት አፍንጫ ወደ ውሃው የገባበት፣ እነዚህ ሁሉ ስስ ናቸው። ሜላረን ላይ ደግሞ ወደ ቬስተሮስና ወደ ሼፒንግ የሚሄዱት መርከቦች መንገድ በበረዶ ሰባሪ ይከፈታል። ያ መንገድ ሌሊት ቀጭን ሽፋን ይሠራል፣ ላዩ ላይ አመዳይ ይወርድበታል፣ ጠዋት ከሌላው በረዶ ጋር አንድ ይመስላል። አትጠጉት።

ስትሄዱ ኢስፒክ ያዙ። ጫፉ ሹል ብረት የሆነ ረጅም ዘንግ ነው። ከፊታችሁ ያለውን በረዶ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱት። በአንድ ምት ከበሳ እዚያው ቁሙ። ዞራችሁ በመጣችሁበት ዱካ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። ድምፁንም ትለምዱታላችሁ፤ ወፍራሙና ስሱ የሚያሰሙት ድምፅ አንድ አይደለም።

አንገታችሁ ላይ ኢስዱባር እሰሩ። ሁለት እጀታዎች ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ሹል ብረት ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊሽካም አላቸው። ከፍ ብለው፣ አገጭ ሥር ይሁኑ። ኪስ ውስጥ ያለ ኢስዱባር ምንም አይጠቅምም፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ ኪስ የሚፈታ ሰው የለም። ገመድም ያዙ፣ 15 ሜትር ያህል። ጀርባ ላይ የሚታዘለው ቦርሳ ውስጥ ቅያሪ ልብስ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ክተቱ። እንዲህ የተጠቀለለ ልብስ አየር ስለሚይዝ ከወደቃችሁ ያንሳፍፋችኋል። ቦርሳው ግን ወገብ ላይና በእግር መሃል የሚታሰር ማሰሪያ ይኑረው፤ አለበለዚያ ወደ ላይ ሸሽቶ ጭንቅላት ላይ ይወጣል።

ብትወድቁስ? የመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ነው። በግድ ረጋ በሉ፣ ተንፍሱ። ፊታችሁን ወደመጣችሁበት አዙሩ፤ ያ በረዶ አንዴ ተሸክሟችኋል። ሁለቱን ሹል ብረቶች በረዶው ላይ ስኩ፣ እግራችሁን እንደ ዋናተኛ ምቱ፣ በሆዳችሁ ተንሸራታችሁ ውጡ። ስትወጡ አትቁሙ። ተንከባለሉ ወይም ዳኹ፣ ጠንካራው ላይ እስክትደርሱ። ሰው ሲወድቅ ያየ ደግሞ አይሩጥለት። ተኝቶ ገመድ ይወርውርለት፣ 112 ይደውል።

ብቻችሁን አትውጡ። አዘጋጆቹ የውድድሩን ክልል አስቀድመው ይመረምራሉ፤ ከዚያ ክልል ውጭ ያለው ግን የራሳችሁ ኃላፊነት ነው። መጋቢት ላይ ደግሞ ውፍረትን ብቻ አትመኑ። ፀሐይ የበላው በረዶ ወፍራም ሆኖ ሳለ ውስጡ ቀጥ ቀጥ ባሉ መርፌዎች ይከፋፈላል። ጠዋት የቻላችሁ ከሰዓት ሊከዳችሁ ይችላል።

ዕቃው

መሰርሰሪያው የእጅ ነው። ብዙ ውድድር ላይ ሞተርና ባትሪ ያለው አይፈቀድም፤ ደንቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለአቦሬ 110 ወይም 130 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃል። ሰፊው ለትልቅ ዓሣ ይጠቅማል፣ ጉልበት ግን ይጨርሳል። በአንድ ውድድር ብዙ ቀዳዳ ስለምትበሱ፣ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ትከሻ ላይ ትቆጠራለች። ገንዘባችሁን የምታወጡበት አንድ ነገር ካለ ምላጩ ላይ አውጡት። ስል ምላጭ በራሱ ይሰምጣል፤ የደነዘ ላይ ግን ተደግፋችሁ ላባችሁ ይወርዳል።

ዘንግ ሦስት ያዙ። አንድ ጊዜ የምታጠምዱት በአንድ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ መለዋወጫ ናቸው። ክሩ ቀጭን ይሁን፣ ከ0.12 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር። አንደኛው ዘንግ ላይ ፒርክ እሰሩ፤ የምታብለጨልጭ ትንሽ ብረት ናት፣ ከሥሯ አጭር ሰንሰለትና መንጠቆ ያላት። ሁለተኛው ላይ ሞርሚሽካ፤ የባቄላ ፍሬ እንኳ የማታህል ክብደት ከመንጠቆ ጋር ተጣብቃ የተሠራች። ሦስተኛው ከሁለቱ የምትመርጡትን ይዞ ይጠብቅ። ክር ሲጠላለፍ ብርድ ውስጥ ቆማችሁ አትፍቱት፤ ዘንጉን አስቀምጡና ሌላውን አንሱ።

መንጠቆው ላይ የሚሰካው የዝንብ እጭ ነው። የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ በትንሽ ዕቃ ይሸጣል። ውጭ ከተተወ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ከካፖርታችሁ በታች፣ ደረት ኪስ ውስጥ ያዙት።

በተረፈ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጭልፋ፣ ፎጣ፣ ዓሣ መያዣ ከረጢት። ይኸው ነው። ወንበር የሚይዙ አሉ፤ እኔ ተውኩት። ወንበር ያለው ሰው ይቀመጣል።

ልብስና ስንቅ

ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ። ጥጥ አይሁን። ጋቢ የሚወድ ሰው ይከፋዋል፣ እኔም ከፍቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነው። ቀዳዳ ስትበሱ ታልባላችሁ፣ ጥጥ ላቡን ይይዛል፣ ስትቆሙ ያቀዘቅዛችኋል። ጋቢውን መኪና ውስጥ ተዉት፣ ለመመለሻ ያስፈልጋል። ጫማ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል። በሁለት ካልሲ ተወጥሮ የተጨናነቀ እግር ወዲያው ይደነዝዛል። ጫማው ላይ የሚታሰር ብረት ጥርስም ግዙ፤ አመዳይ ያልሸፈነው በረዶ ላይ ያለሱ መራመድ አይቻልም።

ለስንቅ ቆሎ የሚያህል የለም። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሳንድዊች በብርዱ ይደርቃል፣ ፍራፍሬ በረዶ ይሆናል። ቆሎ ግን ምንም አይሆንም፣ በአንድ እጅ ከኪስ ይቃማል። በቅቤ የታሸ ጭኮ ካለ ደግሞ ግማሽ ቀን ያሞቃል። ቡና በቴርሞስ፣ ዝንጅብል ጣል ተደርጎበት። ቴርሞሱን ሲከፍቱ ጎረቤት ላለው አጥማጅ ማቅረብ ጥሩ ነው። ስዊድኖች ብዙ አያወሩም፤ ቡና ሲቀርብላቸው ግን ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚይዙ ይነግሯችኋል።

ዋዜማው

ማታ የሐይቁን የጥልቀት ካርታ አውጡና እዩ። የምትፈልጉት ዳሩ ድንገት ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ነው፤ የካርታው መስመሮች የተጠጋጉበት። ምክንያቱ ይህ ነው። ውሃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ በክረምት የተሻለ ሙቀት ያለው ከታች ነው፣ ብርዱ ደግሞ ከላይ ነው። በረዶው እንደረጋ ሰሞን አቦሬ ከ2 እስከ 4 ሜትር ውስጥ፣ ሸምበቆ አጠገብ አለ። ክረምቱ ሲገፋ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። መጋቢት ላይ ፀሐይ ሲበረታ እንደገና ወደ ዳር ይጠጋል። ገደሉ አፍ ላይ ከጀመራችሁ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሄድ ትችላላችሁ።

ሦስት ቦታ ምረጡ እንጂ አንድ አትምረጡ። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ሃያ ሰው ቀድሟችሁ ሊደርስ ይችላል።

መንጠቆዎቹን ሁሉ ቤት እሰሩ። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ያን ቀጭን ክር በባዶ ጣት ማሰር ፈተና ነው።

ምልክቱ ሲሰጥ

ሕዝቡ እንደ መስቀል ደመራ ማግስት ሜዳ በየአቅጣጫው ይፈሳል። አትሩጡ። የሮጠ ያልበዋል፣ ያላበው በኋላ ይበርደዋል። ፈጠን ብላችሁ ወደ መረጣችሁት ሂዱ። ከሌላ ሰው ቀዳዳ ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ ደንቡ ይናገራል፤ ባይናገርም እጅግ አትጠጉ።

እንደደረሳችሁ አንድ ቀዳዳ በስታችሁ ማጥመድ አትጀምሩ። አምስት ወይም ስድስት ብሱ፣ ከዳር ወደ ጥልቁ በአንድ መስመር፣ በመሃላቸው ስድስት ሰባት እርምጃ እየተዋችሁ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ሞክሩ። ሁሉን አንድ ላይ መብሳት ጥቅሙ፣ ጫጫታው አንዴ አልፎ ዓሣው ይረጋጋል።

ስለ መሰርሰሪያው አንድ ምክር፣ በራሴ ላይ የደረሰ። በመጀመሪያ ውድድሬ ሦስት ቀዳዳ በሳሁና መሰርሰሪያውን አመዳይ ላይ ጋደም አደረግኩት። ሳነሳው ምላጩ ላይ ያለው ውሃ ረግቷል። በረዶ የለበሰ ምላጭ በረዶ አይቆርጥም። ገፋሁ፣ ዞረ፣ አልገባም። ግማሽ ሰዓት አለፈኝ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ምላጩን ቀዳዳው ውስጥ ያለው ውሃ ውስጥ ጥቂት መንከር፣ አውጥቶ አራግፎ ወዲያው መብሳት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በስቼ ስጨርስ አራግፌ አቆመዋለሁ፣ አላስተኛውም።

ቀዳዳው ላይ

መሰርሰሪያው ሥሩን ሲበሳ ውሃው ጥቁር ሆኖ ከፍ ይላል፣ ከበረዶው ፍርፋሪ ጋር እንደ አጥሚት ይወፍራል። በጭልፋው አጥሩት። ፍርፋሪው ከቆየ ክሩን ይይዛል።

ማጥመጃውን ልቀቁት፣ መሬት ሲነካ ክሩ ይላላል። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል አንሱት። አቦሬ ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው። በፒርክ ስትጀምሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ብረቷ ታብለጨልጫለች፣ የሩቁን ትጠራለች። ቀጥሎ ዝም አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ዓሣው የሚይዘው በዝምታው ውስጥ ነው፣ በእንቅስቃሴው አይደለም። ዝም ካለ በኋላ ትንሽ አርገፍግፉት፤ እጃችሁ በብርድ ሲንቀጠቀጥ እንዳለው ያህል ብቻ።

አሁን ዓይናችሁን ከዘንጉ ጫፍ አታንሱ። ጫፉ ላይ ቀጭን፣ ለስላሳ ማመልከቻ አለ። ዓሣ ሲነካው እንደምትጠብቁት ወደ ታች አይሰበርም። የእጩን ክብደት ያህል ብቻ ጎንበስ ይላል። አንዳንዴ ጭራሽ ወደ ላይ ይቃናል፤ ዓሣው ማጥመጃውን አፉ ውስጥ ይዞ ከፍ ስላለ ክብደቱ ቀለለ ማለት ነው። ያን ጊዜ በእጅ አንጓ ብቻ፣ አጭር፣ ቀና አድርጉ። ከትከሻ አይሁን፤ የአቦሬ ከንፈር ስስ ነው።

ክሩን በጥቅልሉ አትጠቅልሉ፣ ጊዜ ይፈጃል። በሁለት እጅ እየተቀባበላችሁ ሳቡት፣ በረዶው ላይ ይውደቅ። ዓሣውን ስትይዙ ከራሱ ወደ ጅራቱ ዳብሱት፣ እሾሁ ይተኛል። ከጅራት ወደ ራስ የያዘ ይደማል። ጉንጩ ክዳን ላይም ሹል አለ። እንደያዛችሁ ጭንቅላቱን መትታችሁ ግደሉት፤ በረዶ ላይ ሲንፈራገጥ እንዲሞት መተው ነውር ነው። ወዲያው ማጥመጃውን መልሱ። አቦሬ በመንጋ ነው የሚሄደው፣ መንጋው ሥራችሁ ያለው ለደቂቃዎች ብቻ ሊሆን ይችላል። እነዚያን ደቂቃዎች ፎቶ በማንሳት አታባክኑ።

እዚህ ላይ ነው የሐዋሳው ትምህርቴ ያሳሳተኝ። አንድ ቀዳዳ ሁለት ደቂቃ ዝም ካለ ትቼው መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን «ትንሽ ልታገስ» እያልኩ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በዚያ ጊዜ ስምንት ቀዳዳ ሞክረው ዘጠነኛው ላይ አሥራ አንድ ዓሣ አወጡ። ትዕግሥታቸው ከእኔ የበለጠ ነበር፤ ግን ቀዳዳው ላይ አልቆመም፣ መብሳቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ሰዓት እዩ። ምንም ካልነካ ሁለት ደቂቃ። አንድ ከነካና ከጠፋ አምስት። መያዙ ከቀነሰ ሞርሚሽካውን አውርዱ፤ በፒርክ የተጠሩት ግን ያመነቱት በእሷ ይያዛሉ። እሱም ካልሠራ ከዚያው ቀዳዳ ዙሪያ አምስት እርምጃ ርቃችሁ ብሱ፣ መንጋው ብዙ አልራቀም። ቀድማችሁ የያዛችሁበትን ቀዳዳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ።

ዬዳ የሚባለው ረጅም አዳኝ ዓሣ ከመጣ ቀጭኑን ክር በጥርሱ ይቆርጠዋል፣ አቦሬውም ይበተናል። ቦታ ቀይሩ።

ሚዛኑ

የመመለሻውን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ደውል አድርጋችሁ ሙሉ፣ ከሃያ ደቂቃ በፊት እንዲጮህ። ስልኩንም እንደ እጩ ደረት ኪስ ውስጥ ያዙት፤ ብርድ ባትሪውን ይገድለዋል። የዘገየ ሰው ውጤቱ እንደማይያዝለት ብዙ ቦታ ደንብ ነው። ይህ የሆነበት ሰው አይቻለሁ፣ ሙሉ ከረጢት ተሸክሞ።

ዓሣውን ከማስመዘናችሁ በፊት አመዳዩንና በረዶውን አራግፉ። የደንቡ ዝርዝር ላይ የማይቆጠር ዓሣ ካለ ለዩ። ከረጢቱ ላይ ስማችሁ ወይም ቁጥራችሁ ይኑር። ሚዛን ላይ ያለው ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲናገር አብራችሁ አንብቡ፣ ሲጻፍም እዩ።

ቤት ስትደርሱ

መሰርሰሪያውን መጀመሪያ። ምላጩን አድርቁ፣ ስስ ዘይት ቀቡት፣ መሸፈኛውን አልብሱት። ማጥመጃዎቹ ክፍት ሆነው ይደሩ፣ አለበለዚያ መንጠቆው ይዝጋል። የተረፈው እጭ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፤ ክዳኑ ጠበቅ ይበል፣ ላዩ ላይም ምን እንደሆነ በትልቁ ጻፉበት።

አቦሬው ሳይቆይ ነው የሚገፈፈው። ቅርፊቱ በጣም የተጣበቀ ስለሆነ አትፋቁት። ሥጋውን ከአጥንቱ ለዩ፣ ቆዳውን ወደ ታች አስተኙ፣ ቢላዋውን በሥጋውና በቆዳው መሃል አሳልፉ። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፣ ወጥ ውስጥ አይፈራርስም። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ አድርጋችሁ ጉላሽ ሥሩት። ዓሣውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጣሉ፤ ከጉንጩ ክዳን ሥር ያለውን ቀይ መተንፈሻ አውጥታችሁ ለሾርባ ቀቅሉት።